አንድ ቄስ፣ አራት ነገሥታት፦ የእንግሊዝ ተሐድሶ ገጠር ሲደርስ ምን ሆነ?

ኦክቶበር 2025 ላይ ንጉሥ ቻርልስ ቫቲካን ሄዶ ከፖፕ ሊዮ 14ኛ ጋር ጸለየ። የእንግሊዝ ንጉሥና የሮማ ፖፕ በአደባባይ አብረው ሲጸልዩ ከተሐድሶው ዘመን ወዲህ፣ ማለትም እንግሊዝ ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ከተለየች ወዲህ፣ ይህ የመጀመሪያው ነው ተባለ። 500 ዓመት ገደማ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዜና በመጣ ቁጥር የምትከተል አንዲት አጭር ማብራሪያ አለች፦ ሄንሪ 8ኛ ሚስቱን ሊፈታ ፈለገ፣ ፖፑ አልፈቅድም አለው፣ ንጉሡም ተናዶ የራሱን ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ።

ውሸት አይደለም። ግን የምትነግረን የቤተ መንግሥቱን ወሬ ብቻ ነው። ከለንደን በብዙ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖረው ቄስስ? እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ከፍቶ መቀደስ ያለበት እኮ እሱ ነው። ነገሥታቱ ሐሳባቸውን በለወጡ ቁጥር እሱ ምን አደረገ? ይህን ለማየት አንድ ሰው ይዘን እንሂድ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ማን ናቸው?

ሰር ክሪስቶፈር ትሪኪ ይባላሉ። «ሰር» ያኔ ለካህንም የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ስለነበር ባላባት እንዳይመስሏችሁ። ተራ የገጠር ቄስ ናቸው። በ1520 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን ውስጥ፣ ሞርባዝ በምትባል መንደር ተሾሙ። በ1574 እስኪሞቱ ድረስም ከዚያ አልተነቃነቁም። 54 ዓመት!

ሞርባዝ ትንሽ ናት። ኤክስሙር ከሚባለው ደጋ ዳርቻ የምትገኝ፣ 33 ቤተሰብ ገደማ የሚኖርባት፣ ሰው ሁሉ ቢቆጠር 150 ቢሆን ነው። ነዋሪዎቿ በግ የሚያረቡ ገበሬዎች ናቸው። በታሪክ የሚያስጠራት ነገር አልነበራትም። ዛሬ የታሪክ ምሁራን ስሟን የሚያነሱት ቄሱ የቤተ ክርስቲያኑን የሒሳብ መዝገብ በእጃቸው ይጽፉ ስለነበር ነው። ገቢና ወጪው ይጻፋል፣ ከዚያ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ቄሱ ደግሞ ቁጥር ብቻ ጽፈው የሚያልፉ ዓይነት ሰው አይደሉም። ማን ምን እንደሰጠ፣ ማን አልከፍልም ብሎ እንዳስቸገረ፣ የማን በግ እንደሞተች፣ ሁሉም አለበት። እንግሊዝ ውስጥ የዚያን ዘመን የአጥቢያ ሒሳብ ብዙ ቦታ አለ፤ እንደዚህ የሰው ድምፅ የሚሰማበት ግን ብርቅ ነው።

ከለውጡ በፊት የገጠር ቄስ እንዴት ይኖር ነበር?

መተዳደሪያው አሥራት ነበር። ገበሬው ካመረተው ከአሥር አንዱን ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። ችግሩ፣ አጥቢያው በገዳም ሥር ከሆነ ትልቁ አሥራት፣ በተለይ እህሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ለገዳሙ ነው። ለቄሱ የሚተርፈው ትንሹ አሥራት ይሆናል። ሞርባዝም ባርሊንች በሚባል በአቅራቢያው ባለ ትንሽ ገዳም ሥር ነበረች። ስለዚህ ቄሱ ሀብታም አይደሉም። እንደ አብዛኛው የገጠር ካህን ኑሯቸው ከገበሬው ኑሮ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ቅዳሴው በላቲን ነው፣ ሕዝቡ ቋንቋውን አይሰማም። ይህን ሲሰሙ ብዙ ሰዎች «እንግዲያው ሕዝቡ ባዶ ተመልካች ነበር» ብለው ይደመድማሉ። የሞርባዝ መዝገብ የሚያሳየው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በየቅዱሱ ምስል ፊት የሚበራ መብራት አለ። የእመቤታችን፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የቅዱስ እንጦንስ፣ ሌሎችም። እያንዳንዱ መብራት የራሱ ካዝናና የራሱ ኃላፊ አለው። እኛ አገር ማኅበር እንደሚባለው አስቡት፦ በቅዱሱ ስም የተሰበሰበ ሰው፣ በጋራ የሚያዋጣ፣ በየተራ የሚያገለግል። ያላገቡ ወጣት ወንዶች የራሳቸው ነበራቸው፣ ያላገቡ ልጃገረዶችም የራሳቸው። ልጃገረዶቹ ገንዘባቸውን ራሳቸው ሰብስበው፣ ራሳቸው ሒሳብ ያቀርባሉ። የመላው ቤተ ክርስቲያን ዋና የንብረት ኃላፊነትም በየቤቱ ስለሚዞር፣ ቤቷን የምታስተዳድር ሴት ከሆነች ተራው እሷ ላይ ይደርሳል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከበግ። ካዝናዎቹ በጎች ነበሯቸው፣ በጎቹም በየገበሬው መንጋ ውስጥ ተበትነው ይጠበቃሉ። «የቅዱስ ጊዮርጊስ በግ እገሌ ጋ አለች» እየተባለ ይመዘገባል። ሱፉ ይሸጥና ሻማ ይገዛበታል። ሁለተኛው ምንጭ ቢራ ነው። በዓመት የተወሰነ ጊዜ ቢራ ይጠመቅና በቤተ ክርስቲያኑ ግብዣ ቤት ይሸጣል። ሰው እየጠጣ ጣሪያ ያሠራል ማለት ይቻላል።

ቄስ ክሪስቶፈር ደግሞ አንዲት ቅድስት በጣም ይወዱ ነበር። ቅድስት ሲድዌል ትባላለች፣ ኤክሰተር ከተማ ውስጥ የምትከበር ሰማዕት ናት። እንደተሾሙ ምስሏን አሠርተው አስገቡ። ሕዝቡም ቀስ በቀስ ለመዳት። ኑዛዜ የሚያደርግ ሰው ለእሷ የሆነ ነገር ይተውላት ጀመር። የብር ጫማም ነበራት።

በ1534 ሌባ መጣ። መሰላል ተጠቅሞ በግንቡ መስኮት ገባና የብር ጽዋውንና የቅድስቲቱን የብር ጫማ ይዞ ጠፋ። ለ33 ቤተሰብ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ከዚያ ምን ሆነ? ወጣቶቹና ልጃገረዶቹ ተሰበሰቡ፣ አዋጡ፣ ከአጥቢያው አንዲት ሳንቲም ሳይጠይቁ ሌላ ጽዋ ገዝተው አስገቡ። ቄሱ ይህን ሲጽፉ ኩራታቸው ያስታውቃል። እኔ የድሮው እምነት በገጠር የደከመና የሞተ ነበር የሚል ክርክር ስሰማ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው።

ሄንሪ በትክክል ምን አደረገ?

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያምታታው ሁለቱን ነው።

አንደኛው የሥልጣን ጉዳይ ነው፦ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ማን ነው፣ ፖፑ ወይስ ንጉሡ? ሌላው የእምነት ጉዳይ ነው። ማርቲን ሉተር ከ1517 ጀምሮ ጀርመን ውስጥ ያነሳው ሐሳብ ሰው የሚድነው በእምነት ብቻ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ከሆነ ለቅዱሳን መለመን፣ በምስል ፊት ሻማ ማብራት፣ ለሞተ ሰው ማስቀደስ ሁሉ አይጠቅምም ማለት ነው።

ሄንሪ የለወጠው በዋናነት የመጀመሪያውን ነው። በ1534 ፓርላማው ንጉሡን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ አድርጎ አወጀ። ሁለተኛውን ግን ሄንሪ ራሱ አይወደውም ነበር። በ1521 ሉተርን የሚቃወም መጽሐፍ አውጥቶ ፖፑ «የእምነት ጠባቂ» የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል። እንግዲህ የሄንሪ ቤተ ክርስቲያን በላቲን ትቀድሳለች፣ ካህናቷም አያገቡም፤ ፖፑ ብቻ የለበትም።

ለሞርባዝ ቄስ ይህ መጀመሪያ ላይ ያን ያህል አልከበደም። የፖፑ ስም ከጸሎት ወጣ። በ1536 ትናንሾቹ ገዳማት ሲዘጉ ባርሊንችም ተዘጋ። ከፈረሰው ገዳም መስኮት ለሞርባዝ ቤተ ክርስቲያን ደረሳት፣ እንዲያውም ትርፍ ሆነላቸው!

የመጀመሪያው እውነተኛ ሕመም በ1538 መጣ። የንጉሡ ዋና ሰው ቶማስ ክሮምዌል ትእዛዝ አወጣ። በየቤተ ክርስቲያኑ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይቀመጥ። ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር በመዝገብ ይጻፍ (ዛሬ እንግሊዞች የዘር ሐረጋቸውን የሚፈልጉት በነዚህ መዝገቦች ነው)። በቅዱሳን ምስሎች ፊት የሚበሩ ሻማዎች ይጥፉ። የቅድስት ሲድዌል መብራትም ጠፋ። መብራት ከሌለ ደግሞ የመብራቱ ካዝና ለምን ያስፈልጋል? በጎቹስ? ተሐድሶ ሞርባዝ የገባው በስብከት አይደለም። በሒሳብ መዝገቡ በኩል ነው።

ንጉሡ ሕፃን ሲሆን ምን ተፈጠረ?

ሄንሪ በ1547 ሞተ። ልጁ ኤድዋርድ 6ኛ የ9 ዓመት ልጅ ነበር፣ ዙሪያውን የያዙት ሹማምንትና የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር ግን ሁለተኛውን ለውጥ፣ የእምነቱን ማለቴ ነው፣ በሙሉ ልብ የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ክራንመር እንዲያውም በ1532 ጀርመን ውስጥ በድብቅ አግብቶ ነበር።

አሁን ነገሩ በፍጥነት መጣ። በ1548 መጀመሪያ ምስሎች ሁሉ ይውጡ ተባለ። የየቅዱሱ ካዝናዎች ቀሩ። ለሞቱ ሰዎች ጸሎት እንዲደረግ የተተወ ሀብት ተወረሰ። በ1549 ቅዳሴው በእንግሊዝኛ በተጻፈ አንድ የጸሎት መጽሐፍ ተተካ፣ ካህናት እንዲያገቡም ተፈቀደ። ቀጥሎ የድንጋይ መሠዊያዎች ፈርሰው በእንጨት ጠረጴዛ ተተኩ። በ1551 የኤክሰተር ጳጳስ ሆኖ የመጣው ማይልስ ከቨርዴል ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመ፣ ባለ ትዳር ፕሮቴስታንት። ቄስ ክሪስቶፈር ይህን ሰው «አባቴ» ማለት ነበረባቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የጥቁሩ ልብሰ ተክህኖ ነገር ነው። ቄሱ ለፍትሐት የሚሆን ጥሩ ጥቁር ልብስ ለቤተ ክርስቲያናቸው ለመግዛት 20 ዓመት ያህል ከዚህም ከዚያም ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። መንደሯ ድሃ ናት፣ ገንዘቡ በሳንቲም በሳንቲም ነው የመጣው። በ1547 ገደማ ተሳካላቸው። ልክ ለሙታን መጸለይ ከንቱ ነው የሚሉ ሰዎች ሥልጣን በያዙበት ሰዓት! ብዙም ሳይቆይ ሕዝቡ ልብሱንና ሌላውንም ዕቃ በየቤቱ ወስዶ አስቀመጠ።

መዝገቡን ገንዘብ ገንዘቡን እያያችሁ ብታነቡት መንደሯ ስትራቆት ይታያችኋል። በግ የለም፣ የቢራው ግብዣ የለም፣ የወጣቶቹ ካዝና የለም። ወጪው ግን ቀጠለ። መሠዊያ ማፍረስ ገንዘብ ይፈልጋል፣ አዲስ መጽሐፍ መግዛትም እንዲሁ። የ1548 ኃላፊ ሉሲ ሲሊ የምትባል ሴት ነበረች። ቄሱ በኋላ ያን ጊዜ ሲያስታውሱ፣ ከእሷ ዘመን ጀምሮ ለቤተ ክርስቲያኑ የተሰጠ ነገር እንዳልነበረ፣ ሁሉም ነገር ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ እንደኖረ ጽፈዋል።

ታዲያ ዝም ብለው ተቀበሉ?

አልተቀበሉም። አዲሱ የጸሎት መጽሐፍ ሥራ ላይ የዋለው በጰራቅሊጦስ እሑድ፣ ጁን 9 ቀን 1549 ነው። በማግስቱ እዚያው ዴቨን ውስጥ፣ ሳምፕፎርድ ኮርትኒ በምትባል መንደር፣ ምዕመናኑ ቄሳቸውን «የድሮውን ልብስህን ልበስና እንደድሮው ቀድስ» ብለው አስገደዱት። ነገሩ ተቀጣጠለ። የጎረቤቷ የኮርንዎል ሰዎች ተጨመሩበት። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በጣም ያስገርማል፦ አዲሱ አገልግሎት በገና ሰሞን ለመዝናኛ የሚታይ ትርኢት ይመስላል፣ ደግሞም ከእኛ እንግሊዝኛ የማይሰማ አለ ይላሉ። ሕዝቡ እንዲገባው ተብሎ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ጸሎት፣ ቋንቋቸው ኮርኒሽ ለሆነ ሰዎች ሌላ ባዕድ ቋንቋ ነበር።

አመፀኞቹ ኤክሰተርን አምስት ሳምንት ከበቡ። የሞርባዝ መዝገብ በዚያ ዓመት የያዘው ነገር አስደንጋጭ ነው። መንደሯ አምስት ወጣቶችን መሣሪያና ስንቅ ሰጥታ ከኤክሰተር ውጭ ወዳለው የቅዱስ ዴቪድ ሰፈር ልካለች፣ ወጪውም ስማቸው እየተጠራ ተጽፏል። መዝገቡ የማን ወገን ሆነው እንደሄዱ አይናገርም። ግን እዚያ ሰፍረው የነበሩት አመፀኞቹ ናቸው። ቄሱ ይህን ሲጽፉ ምናልባት አመፅ መሆኑ አልታያቸውም፤ አጥቢያው የወሰነውን ወጪ መመዝገባቸው ነው።

መንግሥት የጀርመንና የጣልያን ቅጥረኛ ወታደሮች ጨምሮ አመፁን ደመሰሰው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ኤክሰተር አጠገብ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ቄስ የነበረው ሮበርት ዌልሽ ልብሰ ተክህኖውን እንደለበሰ፣ የጸበል ዕቃውና መቁጠሪያው ላዩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ ተሰቀለ። ቄስ ክሪስቶፈር ይህን አልሰሙም ማለት አይቻልም። የአንድ ቀን መንገድ ቢሆን ነው።

ንግሥት ማርያም ስትመጣ ሁሉም ተመለሰ?

ኤድዋርድ በ1553 በ15 ዓመቱ ሞተ። እህቱ ማርያም 1ኛ ካቶሊክ ነበረች። ፖፑ ተመለሰ፣ ላቲኑ ተመለሰ፣ ያገቡ ካህናት ወይ ከሚስቶቻቸው እንዲለዩ ወይ ቦታቸውን እንዲያጡ ተደረገ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተነሱ። ወደ 280 የሚጠጉ ፕሮቴስታንቶች በእሳት ተቃጠሉ። ክራንመር አንዱ ነው። መጀመሪያ እምነቱን ክዶ ፈርሞ ነበር፤ በማርች 1556 ኦክስፎርድ ላይ ሲቃጠል ግን የፈረመችበት ቀኝ እጁ ትቅደም ብሎ ራሱ እሳቱ ውስጥ ከተታት።

ሞርባዝ ውስጥ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ምዕመናኑ ከየቤታቸው ዕቃ ማውጣት ጀመሩ። ከኤድዋርድ ዘመን ጀምሮ ደብቀው ያቆዩት ምስል፣ መጽሐፍ፣ ከትልቁ መስቀል አካባቢ የተነቀለ ቅርጻ ቅርጽ። ልብሶቹም ተመለሱ። ቄሱ ዝርዝሩን ከጻፉ በኋላ፣ ይህ ሥራቸው እንደ ጥሩ ካቶሊኮች ማድረጋቸውን ያሳያል ብለው ምዕመናናቸውን አመስግነዋል። በሕይወታቸው እምነታቸውን በግልጽ የተናገሩት በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

የማርያም ዘመንም አምስት ዓመት ብቻ ቆየ።

ኤልሳቤጥ ስትነግሥ ለምን ሥራቸውን አልለቀቁም?

ኖቬምበር 1558 ማርያም ሞታ ኤልሳቤጥ 1ኛ ነገሠች። በ1559 እንደገና ከሮማ መለየት፣ እንደገና የእንግሊዝኛው የጸሎት መጽሐፍ። ሕጉ በላዕላይ ምክር ቤቱ ያለፈው በ21 ለ18 ድምፅ ነው። በሦስት ድምፅ ልዩነት የአንድ አገር ሃይማኖት ተወሰነ።

የማርያም ዘመን ጳጳሳት፣ ከአንድ በቀር፣ አንገዛም ብለው ከመንበራቸው ተነሱ። ያ አንዱ፣ በዌልስ የላንዳፍ ጳጳስ የነበረው አንቶኒ ኪችን፣ ቃለ መሐላውን ፈጽሞ መንበሩን አቆየ። የአጥቢያ ቄሶች ግን አብዛኞቹ ባሉበት ቀሩ። ከብዙ ሺህ ቄሶች ቦታውን ያጣው በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው። ቄስ ክሪስቶፈርም ቀሩ። ምስሎቹ እንደገና ወረዱ፣ መሠዊያው እንደገና ፈረሰ፣ ጠረጴዛው እንደገና ገባ።

አስመሳይ ነበሩ? አንዳንዱ አንባቢ እንዲህ ብሎ ይፈርዳል። እኔ አይመስለኝም። አንደኛ፣ በ1559 ይህ የመጨረሻው ለውጥ መሆኑን ማንም አያውቅም። ከሄንሪ ሞት በኋላ በ12 ዓመት ውስጥ ሃይማኖቱ ሦስቴ ተገልብጧል፤ ንግሥቲቱ ደግሞ ልጅ የላትም። ትንሽ ቢታገሡ አራተኛው ላይመጣ ነው? ሁለተኛ፣ ቢለቁ የት ይሄዳሉ? ጡረታ የለ፣ ዘመድ ጋ የሚያስጠጋ ሀብት የለ። ሦስተኛው ግን ለእኔ ዋናው ነው። እኚህ ሰው በዚያች መንደር ያለውን ሕፃን ሁሉ አጥምቀዋል፣ አጋብተዋል፣ ወላጆቻቸውን ቀብረዋል። የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ለንደን ወይም ሮማ አይደለችም፤ እነዚያ 33 ቤተሰቦች ናቸው። እሳቸው ቢሄዱ የሚመጣው ሰው ሞርባዝን አያውቃትም።

ሁሉም እንዲህ አላሰበም። አንዳንዱ ቄስ ተሰደደ፣ አንዳንዱ ፕሮቴስታንቱን እምነት ከልቡ ተቀብሎ በደስታ ሰበከ። በ1570 ፖፕ ፒዮስ 5ኛ ኤልሳቤጥን አውግዞ ተገዢዎቿ እንዳይታዘዟት ሲያዝ ደግሞ ካቶሊክነት ከመንግሥት ክህደት ጋር መቆጠር ጀመረ፣ መሀል ላይ መቆም በጣም ከበደ።

ሕዝቡ በመጨረሻ አዲሱን እምነት አመነበት?

በዚህ የታሪክ ምሁራን አልተስማሙም። ለረጅም ጊዜ የተለመደው ትረካ የድሮዋ ቤተ ክርስቲያን በስብሳ ስለነበር ሕዝቡ ለውጡን ሲጠብቅ ነበር ይል ነበር። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወዲህ ግን ብዙዎች የአጥቢያ መዝገቦችን እያገላበጡ፣ አይደለም፣ እምነቱ ሕያው ነበር፣ ለውጡ ከላይ የተጫነ ነው ማለት ጀመሩ። ሌሎች ደግሞ ይህም ተጋነነ ይላሉ፤ በተለይ በለንደንና በምሥራቅ እንግሊዝ ከተሞች አዲሱን ትምህርት ፈልጎ የተከተለ ሰው ብዙ ነበር። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለንደንና ሞርባዝ አንድ አልነበሩም።

የሞርባዝ መዝገብ የሚያሳየው አለመቀበል ወደ ልማድ ሲለወጥ ነው። በኤልሳቤጥ ዘመን የቄሱ ጽሑፍ እያጠረ ይሄዳል። በግ አይቆጠርም፣ ቅዱስ አይጠራም። ግን ሒሳቡ ይቀጥላል፣ ሰዉ ይሰበሰባል፣ ይነበባል። በ1574 ቄሱ ሲሞቱ መንደሯ ውስጥ ካሉት ወጣቶች ብዙዎቹ የላቲኑን ቅዳሴ ሰምተው አያውቁም ነበር። መዝገቡ በ1904 በመጽሐፍ መልክ ታተመ። ያሳተሙት በጊዜው የሞርባዝ ቄስ የነበሩት ኧርስኪን ቢኒ ናቸው።